ሙዚቃ በኮምፒውተር፦ ከኢንተርኔት በቀጥታ ልስማ ወይስ ፋይሉን ላውርድ?

ኮምፒውተር ነክ ነገር ሲቸግራቸው ወደ እኔ የሚደውሉ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሱት አንድ ጥያቄ አለ፦ «ዘፈን ከኢንተርኔት በቀጥታ ብሰማ ይሻለኛል ወይስ አውርጄ ላስቀምጥ?» አንዱን መርጬ ብነግራቸው ደስ ይላቸው ነበር። ነገር ግን ውሳኔው ለእያንዳንዱ ዘፈን ለየብቻ የሚሰጥ ነው። አንዴ ሰምታችሁ የምታልፉትን ዘፈን አውርዶ፣ ስሙን አስተካክሎ፣ ፎልደር ውስጥ ማስገባት ከንቱ ድካም ነው። ጠዋት ማታ የምትሰሙትን ደግሞ በየቀኑ እንደ አዲስ ከኢንተርኔት መሳብ ዳታ ማፍሰስ ነው። ሁለቱን እንዴት እንደምትለዩና እያንዳንዱን እንዴት እንደምታስኬዱ በቅደም ተከተል እነሆ።

መጀመሪያ ሦስቱን ለዩ

ሰው የሚሳሳተው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ስለሆነ ሌላውን ከመጀመራችሁ በፊት ይህን አንብቡ። ምርጫው ሁለት ይመስላል እንጂ ሦስት ነው።

ስትሪሚንግ፦ ዘፈኑ ከአገልግሎት ሰጪው ሰርቨር ቁርጥራጭ እየሆነ ይመጣል። የደረሰው ሲሰማ ቀጣዩ ከኋላ ይከተላል። ዘፈኑ ሲያልቅ የራሳችሁ ሆኖ የሚቀር ፋይል የለም።

አፕ ውስጥ ማስቀመጥ፦ እንደ ስፖቲፋይና አፕል ሙዚክ ያሉ አገልግሎቶች «ዳውንሎድ» የሚል ቁልፍ አላቸው። ቁልፉን ስትጫኑ ዘፈኑ በእርግጥ ወደ ዲስካችሁ ይወርዳል፤ የሚወርደው ግን ተቆልፎ ነው። ያለ አፑ አይከፈትም፣ ወደ ፍላሽ ብትገለብጡት አይጫወትም፣ ወርሃዊ ክፍያው ሲቋረጥ አብሮ ይዘጋል።

ፋይል ማውረድ፦ ኤምፒስሪ ወይም ፍላክ የመሰለ ራሱን የቻለ ፋይል እጃችሁ ይገባል። በየትኛውም ማጫወቻ ይከፈታል፤ የገዛችሁበት ድረ ገጽ ነገ ቢዘጋም ፋይሉ የእናንተ ነው።

የትኛው እንዳላችሁ ከተጠራጠራችሁ አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ ዘፈኑን ፍላሽ ላይ ገልብጬ ኢንተርኔት በሌለው ሌላ ኮምፒውተር ላይ መክፈት እችላለሁ? መልሱ «አልችልም» ከሆነ ፋይል አላወረዳችሁም።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

• ዊንዶውስ፣ ማክ ወይም ሊኑክስ ያለው ኮምፒውተር። ሙዚቃ ማጫወት ከባድ ሥራ ስላልሆነ አሮጌም ቢሆን ይበቃል።
• ቢያንስ 20 ጊጋባይት ባዶ ቦታ።
• ማጫወቻ ፕሮግራም። ቪኤልሲ በሁሉም ላይ ይሠራል፣ ያልተለመዱ የፋይል ዓይነቶችንም ይከፍታል። ብዙ ዘፈን ለሚያከማች የዊንዶውስ ተጠቃሚ ሚዩዚክቢ ወይም ፉባር 2000 የተሻለ ነው፤ ስብስብን በአርቲስትና በአልበም ለማደራጀት የተሠሩ ናቸው። ሦስቱም በነፃ ይገኛሉ።
• የዘፈን መረጃ ማስተካከያ፦ ኤምፒስሪታግ ወይም ሚዩዚክብሬንዝ ፒካርድ።
• ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ። ይህን የሚዘል ሰው ብዙ ነው፤ እናንተ አትዝለሉት።

ደረጃ 1፦ ኢንተርኔታችሁንና ዲስካችሁን ለኩ

ሙዚቃ በምትሰሙበት ሰዓት፣ በምትሰሙበት ቦታ ሆናችሁ የፍጥነት መለኪያ ድረ ገጽ ክፈቱና ለኩ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ድገሙት። ቁጥሩ ትልቅ መሆኑ ያን ያህል አያሳስብም፤ የምትፈልጉት ሳይዋዥቅ መቆየቱን ነው። ከፍተኛ ጥራት የሚባለው የ320 ኪሎቢት ስትሪም በሰከንድ አንድ ሦስተኛ ሜጋቢት እንኳ አይሞላም፤ ስለዚህ ሳይቆራረጥ የሚመጣ 1 ሜጋቢት ለሙዚቃ በቂ ነው። በአንጻሩ 20 ሜጋቢት እያሳየ በየጥቂት ደቂቃው ቀጥ የሚል መስመር ለስትሪሚንግ አይመችም፤ ለማውረድ ግን ይሆናል፣ ምክንያቱም ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል ወይም ደግማችሁ ታስጀምሩታላችሁ።

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ የኢንተርኔት ፍጥነት የሚለካው በሜጋቢት ነው፣ የፋይል መጠን ደግሞ በሜጋባይት። 1 ባይት 8 ቢት ነው። መስመሩ 8 ሜጋቢት ከሆነ በሰከንድ የሚወርደው 1 ሜጋባይት ነው። «8 ብለውኝ 1 ብቻ ይወርድልኛል፣ ተታለልኩ» የሚል ቅሬታ በአብዛኛው ከዚህ ይመጣል።

ቀጥሎ የዲስኩን ባዶ ቦታ እዩ። በዊንዶውስ የፋይል መስኮቱን ከፍታችሁ «ዚስ ፒሲ» የሚለውን ስትጫኑ ከእያንዳንዱ ዲስክ ሥር ተጽፎ ይታያል። ዲስኩን ጥግ ድረስ አትሙሉት፤ ዊንዶውስ ራሱን የሚያድስበትና ጊዜያዊ ፋይል የሚያስቀምጥበት ቦታ ሲያጣ ኮምፒውተሩ መንቀርፈፍ ይጀምራል።

ደረጃ 2፦ ሒሳቡን ሥሩ

የሙዚቃ ጥራት የሚለካው በአብዛኛው በቢትሬት ነው፤ ይህም ለአንድ ሰከንድ ድምፅ ስንት ኪሎቢት እንደዋለ የሚናገር ቁጥር ነው። በቃል የሚያዝ ቀላል ዘዴ አለ፦ ቢትሬቱን በ0.45 አባዙት፣ የምታገኙት በሰዓት የሚፈጀውን ሜጋባይት ነው።

• 96 ኪሎቢት፦ በሰዓት 43 ሜጋባይት ገደማ
• 160 ኪሎቢት፦ 72 ሜጋባይት
• 256 ኪሎቢት፦ 115 ሜጋባይት
• 320 ኪሎቢት፦ 144 ሜጋባይት
• ከሲዲ የተቀዳ ፍላክ፦ እንደ ሙዚቃው ቢለያይም አብዛኛውን ጊዜ ከ300 እስከ 450 ሜጋባይት

አሁን የራሳችሁን ልማድ አስገቡበት። በቀን 3 ሰዓት በ320 ኪሎቢት የሚሰማ ሰው በ30 ቀን 13 ጊጋባይት ገደማ ይጨርሳል። ያው ሰው ወደ 160 ቢያወርደው 6.5 ጊጋባይት ይሆናል።

ከማውረድ ጋር እናነጻጽረው። የ4 ደቂቃ ዘፈን በ320 ኪሎቢት 9.6 ሜጋባይት ነው። ያንኑ ዘፈን በ160 ስትሪም ብታደርጉት በእያንዳንዱ ጊዜ 4.8 ሜጋባይት ይወስዳል። ሁለት ጊዜ ስትሰሙት ሒሳቡ እኩል ይመጣል፤ ከሦስተኛው ጀምሮ ያወረደ ሰው ያተርፋል፣ ያውም በተሻለ ጥራት። አፖቹ በቅርብ የተሰማን ዘፈን በጊዜያዊ ማከማቻ ስለሚያስቀምጡ ሁለተኛው ማዳመጥ ሁልጊዜ ዳታ አይበላም። ማከማቻው ሲሞላ ግን የቆየው ሳይነገራችሁ ስለሚሰረዝ አትተማመኑበት።

የዳታ ገደብ የሌለው አስተማማኝ መስመር ካላችሁ ይህ ሒሳብ ብዙም አያስጨንቃችሁም። እናንተን የሚመለከታችሁ የባለቤትነቱ ጉዳይ ነውና ወደሚቀጥለው እለፉ።

ደረጃ 3፦ ዘፈኖቻችሁን በሦስት ክፈሉ

ወረቀት ያዙና ባለፉት ሳምንታት የሰማችሁትን በሦስት ረድፍ ጻፉ።

ሀ) አዲስ፣ እየሞከራችሁ ያላችሁት፣ ሌላ ሰው የመከራችሁ። ይህን ስትሪም አድርጉ።
ለ) ለአሁኑ የምትወዱት፣ ከወራት በኋላ ግን ላትሰሙት የምትችሉት። የወርሃዊ ክፍያ ደንበኛ ከሆናችሁ አፑ ውስጥ አስቀምጡት።
ሐ) ለዓመታት የሰማችሁትና ወደፊትም የምትሰሙት፣ ቢጠፋባችሁ የሚያንገበግባችሁ። የዚህን ፋይል አግኙ።

የስትሪሚንግ አገልግሎቶች ዘፈኑን የሚያቀርቡት ከባለ መብቶቹ ጋር በገቡት ውል ነው፤ ውሉ ሲያበቃ ወይም ሲቀየር ዘፈኑ ከዝርዝራችሁ ላይ ደብዝዞ ሊቀር ይችላል። በሦስተኛው ረድፍ ያለ ዘፈን በሌላ ሰው ውል ላይ መንጠልጠል የለበትም። ሦስተኛው ረድፍ ደግሞ ከምትገምቱት በላይ አጭር ሆኖ ታገኙታላችሁ፤ ሺህ ዘፈን እሰማለሁ የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የሚመላለሰው በጥቂት አልበሞች ዙሪያ ነው።

ደረጃ 4፦ ስትሪሚንጉን አስተካክሉ

ብዙ አፖች መጀመሪያ ሲጫኑ ጥራቱን «አውቶማቲክ» ላይ አድርገው ነው የሚመጡት። አውቶማቲክ ማለት መስመሩ ጥሩ ሲሆን ሳይጠይቃችሁ ወደ ላይ ይወጣል ማለት ነው። ዳታችሁ የተቆጠረ ከሆነ ራሳችሁ ወስኑለት።

1. የአፑን «ሰቲንግስ» ክፈቱና «ኦዲዮ ኳሊቲ» የሚለውን ፈልጉ። በስፖቲፋይ ኖርማል 96፣ ሃይ 160፣ ቬሪ ሃይ 320 ኪሎቢት ነው፤ የመጨረሻው ለከፋይ ደንበኞች ብቻ ነው።
2. የላፕቶፑን የራሱን ስፒከር የምትጠቀሙ ከሆነ 160 ይበቃችኋል። ከዚያ በላይ ያለውን ልዩነት ያ ትንሽ ስፒከር አያወጣውም። ጥሩ ጆሮ ማዳመጫ ካላችሁ 256 ወይም 320 አድርጉት።
3. «ሎስለስ» (ከድምፁ ምንም ሳይጣል የሚመጣ) የሚል ምርጫ ካያችሁ ሒሳቡን አስታውሱ፤ በሰዓት የሚወስደው በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ነው። በብሉቱዝ የምትሰሙ ከሆነ ደግሞ ድምፁ ወደ ማዳመጫው ሲሄድ ብዙውን ጊዜ መጠኑ እንዲያንስ እንደገና ስለሚታመቅ ለከንቱ ነው የምትከፍሉት።
4. በዊንዶውስ ላይ «ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት» ውስጥ ገብታችሁ የምትጠቀሙበትን መስመር «ሚተርድ ኮኔክሽን» አድርጉት። ዊንዶውስ መስመሩ የተቆጠረ መሆኑን ሲያውቅ ከጀርባ የሚያወርዳቸውን ትልልቅ ማሻሻያዎች ይቀንሳል። ብዙ ሰው ዳታውን ሙዚቃ የጨረሰው ይመስለዋል እንጂ የጨረሰው ይሄ ነው። እዚያው «ዳታ ዩሴጅ» የሚለው ገጽ እያንዳንዱ ፕሮግራም ስንት እንደወሰደ በስሙ ያሳያችኋል።

ማስጠንቀቂያ፦ ዘፈን ለመስማት ብቻ የሙዚቃ ቪዲዮ አትክፈቱ። ምስሉ ከድምፁ ብዙ እጥፍ ዳታ ይበላል፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጋችሁ ባታዩትም እንኳ መምጣቱን ሊቀጥል ይችላል። ዘፈኑ ሌላ ቦታ የማይገኝ ከሆነ በቪዲዮው ማዕዘን ላይ ባለው ባለ ጥርስ ክብ (የሰቲንግስ) ምልክት ገብታችሁ የምስሉን ጥራት ወደ 144 ወይም 240 አውርዱት።

ደረጃ 5፦ አፕ ውስጥ ማስቀመጥ

ይህ አጭር ነው። የአፑን የኮምፒውተር ስሪት ጫኑ፤ ለምሳሌ ስፖቲፋይን በብሮውዘር ስትከፍቱት የማስቀመጫው ቁልፍ የለም። ሁለተኛውን ረድፍ አንድ ፕሌይሊስት ውስጥ ሰብስቡና በፕሌይሊስቱ ላይ ያለውን የታች ቀስት ተጫኑ። ምልክቱ አረንጓዴ እስኪሆን ኮምፒውተሩን አትዝጉ። ከዚያ ኢንተርኔቱን አጥፍታችሁ ከዝርዝሩ ግርጌ ያለ አንድ ዘፈን አጫውቱ፤ መጨረሻ ላይ ያለው ከወረደ ሌላውም ወርዷል ማለት ይቻላል።

ስፖቲፋይ ያስቀመጣችሁትን ለማቆየት ቢያንስ በ30 ቀን አንድ ጊዜ ከኢንተርኔት ጋር መገናኘት ይፈልጋል፤ ክፍያችሁ መቀጠሉን የሚያረጋግጠው እንደዚያ ነው። ኢንተርኔት ወደሌለበት ቦታ ለረጅም ጊዜ የምትሄዱ ከሆነ በምትነሱበት ቀን አፑን ኦንላይን ክፈቱት። የማስቀመጫ ጥራቱ ከስትሪሚንጉ ጥራት ለብቻው የሚስተካከል ስለሆነ ሁለቱንም እዩ።

ደረጃ 6፦ ፋይሉን ከትክክለኛ ቦታ አግኙ

ለሦስተኛው ረድፍ አራት መንገድ አለ።

መግዛት፦ ባንድካምፕ ላይ ከገዛችሁ በኋላ ፋይሉን በኤምፒስሪ፣ በፍላክና በሌሎችም ዓይነቶች መርጣችሁ ታወርዳላችሁ። የአፕል አይቲዩንስ ስቶር ደግሞ በ256 ኪሎቢት ኤኤሲ በሚባል የፋይል ዓይነት ይሸጣል፤ ከ2009 ጀምሮ እዚያ የሚሸጡ ዘፈኖች መቆለፊያ የላቸውም። ልብ በሉ፦ አፕል ሙዚክና አይቲዩንስ ስቶር የአንድ ኩባንያ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የመጀመሪያው ያከራያል፣ ሁለተኛው ይሸጣል።

በነፃ የተፈቀደ፦ ኢንተርኔት አርካይቭ፣ ፍሪ ሚዩዚክ አርካይቭና ጃሜንዶ በሕጋዊ መንገድ የሚወርድ ብዙ ሙዚቃ አላቸው። ክላሲካል ለሚወድ ሚዩዝኦፕን አለ። ነፃ ሲባል ለመስማት ነው፤ ቪዲዮ ላይ ልትጠቀሙበት ካሰባችሁ ከዘፈኑ ጎን የተጻፈውን ፈቃድ አንብቡ።

ከሲዲ መቅዳት፦ መሳቢያ ውስጥ የተቀመጡ ሲዲዎች ካሏችሁ በዋጋም በጥራትም የሚስተካከለው የለም። ኮምፒውተሩ የሲዲ ማስገቢያ ከሌለው በዩኤስቢ የሚሰካ አለ። በዊንዶውስ ኤግዛክት ኦዲዮ ኮፒ የሚባለው ፕሮግራም የተጫረ ሲዲን ሳይቀር ደጋግሞ እያነበበ በጥንቃቄ ይቀዳል።

ከአርቲስቱ በቀጥታ፦ ብዙ ሙዚቀኞች በራሳቸው ድረ ገጽ ፋይል ይሸጣሉ። መጀመሪያ እዚያ ፈልጉ።

ማስጠንቀቂያ፦ የቪዲዮ ሊንክ ስትለጥፉባቸው ኤምፒስሪ የሚያወጡ ድረ ገጾችን ተዉ። የቅጂ መብትና የአገልግሎቱን ደንብ መጣሱ አንድ ነገር ነው። ከዚያ ሌላ ገጾቹ በሐሰተኛ «ዳውንሎድ» ቁልፎች የተሞሉ ናቸው፤ አንዱን ስትስቱ የማታውቁት ፕሮግራም ይገባል፣ ወይም ብሮውዘሩ ማስታወቂያ እንዲልክላችሁ ፈቃድ ትሰጣላችሁ። የሚወጣው ፋይል ደግሞ አንዴ ታምቆ የነበረ ድምፅ እንደገና የታመቀ ነው። ላዩ ላይ «320» ተብሎ ቢጻፍም የደበዘዘ ጽሑፍ በትልቅ ወረቀት ላይ ፎቶኮፒ ቢደረግ አይጠራም።

ደረጃ 7፦ የፋይሉን ዓይነት ምረጡ

ምርጫ ሲቀርብላችሁ እንዲህ ወስኑ።

በመኪና፣ በስልክ፣ በአሮጌ ማጫወቻ፣ የትም እንዲጫወትላችሁ ከፈለጋችሁ 320 ኤምፒስሪ ውሰዱ። 1,000 ባለ 4 ደቂቃ ዘፈን በዚህ ጥራት ከ10 ጊጋባይት አይበልጥም። ዋና ቅጂ አድርጋችሁ ለዘለቄታው የምታስቀምጡት ከሆነ ፍላክ ውሰዱ። ፍላክ ሲታመቅ ከድምፁ ምንም ስለማይጥል ከእሱ ላይ በፈለጋችሁ ጊዜ ንጹህ ኤምፒስሪ መሥራት ትችላላችሁ። የተገላቢጦሹ አይሆንም፤ ኤምፒስሪ የጣለውን ድምፅ ወደ ፍላክ መቀየር አይመልሰውም፣ ፋይሉን ብቻ ያሳብጠዋል። ዌቭ የሚባለውን እለፉት፤ ከፍላክ የተሻለ ድምፅ ሳይሰጥ ቦታ ይፈጃል፣ የዘፈን መረጃንም በአስተማማኝ ሁኔታ አይዝም።

እኔ ብጠየቅ፦ ገዝታችሁ ከሆነና ቦታ ካላችሁ ፍላኩን አውርዱ፣ ለስልኩ ኤምፒስሪ ሥሩለት።

ደረጃ 8፦ አውርዱ፣ ከዚያ መርምሩ

1. በመጀመሪያ ዊንዶውስ የፋይል ቅጥያን፣ ማለትም ከስሙ መጨረሻ ላይ ዓይነቱን የሚናገረውን ክፍል፣ እንዲያሳይ አድርጉ። በፋይል መስኮቱ «ቪው»፣ ከዚያ «ሾው»፣ ከዚያ «ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ»። ቅጥያው ከተደበቀ «ዘፈን ዶት ኤምፒስሪ ዶት ኤግዚኢ» የሚል ፋይል «ዘፈን ዶት ኤምፒስሪ» ብቻ ሆኖ ይታያችኋል፤ ስትጫኑት ግን የሚከፈተው ፕሮግራም ነው።
2. አልበሙን አውርዱ። ብዙውን ጊዜ በዚፕ ታሽጎ ይመጣል። በቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ «ኤክስትራክት ኦል» በሉት። ዚፑን ሳትፈቱ ከውስጡ ማጫወት ይቻል ይሆናል፣ ማጫወቻው ግን ብዙውን ጊዜ ዘፈኖቹን ወደ ስብስቡ ማስገባት አይችልም።
3. መጠኑን ከርዝመቱ ጋር አመሳክሩ። የ4 ደቂቃ 320 ኤምፒስሪ 9 ወይም 10 ሜጋባይት መሆን አለበት። ጥቂት መቶ ኪሎባይት ከሆነ ወይ ተቆርጧል ወይ ዘፈን አይደለም።
4. የእያንዳንዱን ዘፈን የመጨረሻ 10 ሰከንድ ስሙ። መስመር ሲቋረጥ የተጎዳ ፋይል መጀመሪያው ደህና ነው፣ የሚጎድለው ጭራው ነው። መጀመሪያውን ሰምቶ ዚፑን የሚሰርዝ ሰው ጉድለቱን የሚያውቀው ዘግይቶ ነው።
5. የተጠራጠራችሁትን ፋይል ስፔክ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ክፈቱት። የድምፁን ድግግሞሽ በቀለም ያሳያል። «320» የተባለ ፋይል 16 ኪሎኸርዝ ገደማ ላይ በመጋዝ እንደተቆረጠ ቀጥ ብሎ ካቆመ ከ128 ኪሎቢት ተነሥቶ የተለጠጠ መሆኑን በጣም ተጠራጠሩ። የቆየ ቀረጻ ከሆነ ግን ከፍተኛው ድምፅ ከመነሻውም ላይኖር ይችላል።

ማስጠንቀቂያ፦ ሙዚቃ ፋይል «ለመክፈት ይህን ፕሮግራም ጫኑ» አይልም። ካለ ሰርዙት።

ደረጃ 9፦ ስም፣ መረጃ፣ ፎልደር

«ዳውንሎድስ» ፎልደር መተላለፊያ እንጂ መኖሪያ አይደለም፤ ዲስክ ለማጽዳት ስትነሡ መጀመሪያ የምትጠርጉት እሱን ስለሆነ ሙዚቃችሁ እዚያ መቆየት የለበትም። «ሙዚቃ» የሚል አንድ ዋና ፎልደር ክፈቱ፤ በውስጡ በአርቲስት፣ በአርቲስቱ ውስጥ በአልበም ክፈሉ። የዘፈኑን ፋይል በቁጥር አስጀምሩት፦ 01፣ 02፣ 03። ከ1 በፊት ዜሮ የሌለ እንደሆነ አንዳንድ ማጫወቻ 10ን ከ2 አስቀድሞ ያጫውታል። በዊንዶውስ የፋይል ስም ውስጥ የጥያቄ ምልክት፣ ኮከብ፣ የእንግሊዝኛው ሁለት ነጥብ (:) እና እዝባር (/) አይፈቀዱም።

ፋይሉ ላይ ያለው ስም ግን ላዩ ነው። ማጫወቻዎች የሚያነቡት ፋይሉ ውስጥ የተጻፈውን መረጃ፣ ማለትም ታጉን ነው። በኤምፒስሪታግ አልበሙን በሙሉ ምረጡና አምስት ቦታዎች አሟሉ፦ ርዕስ፣ አርቲስት፣ አልበም፣ የአልበም አርቲስት፣ ተራ ቁጥር። «የአልበም አርቲስት» የሚለው የተረሳ እንደሆነ እንግዳ ዘፋኝ ያለበት አልበም ሦስት አራት ቦታ ተበጣጥሶ ይታያል። «አልበሜ ተበታተነ» የሚለው ችግር ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ይህ ነው። ስማቸው የማይታወቅ ፋይሎች ከተጠራቀሙባችሁ ፒካርድ ድምፁን ራሱን መርምሮ ከሚዩዚክብሬንዝ የመረጃ ቋት ስሙን ይፈልግላችኋል፤ ያልተመዘገበ ዘፈን ከሆነ በእጅ ከመጻፍ ሌላ መንገድ የለም።

በፊደላችን የተጻፈ ስም በኮምፒውተር ላይ በትክክል ይታያል፤ አሮጌ የመኪና ማጫወቻ ላይ ግን አራት ማዕዘን ሳጥኖች ሊሆን ይችላል። ለእንዲህ ያለው ማጫወቻ ለብቻው ቅጂ ሠርታችሁ ስሙን በላቲን ፊደል ጻፉለት እንጂ ዋናውን አታበላሹ።

ደረጃ 10፦ ሁለተኛ ቅጂ አስቀምጡ

ስትሪሚንግ ኮምፒውተሩ ቢሰረቅም ቢቃጠልም አይነካም፤ በሌላ መሣሪያ ገብታችሁ ካቆማችሁበት ትቀጥላላችሁ። ፋይል ማውረድ የሚያጎድለው ይህንን ነው፤ ጠባቂው እናንተ ናችሁ። «ሙዚቃ» ፎልደሩን እንዳለ ኤክስተርናል ዲስክ ላይ ገልብጡ፣ ጥቂት ዘፈኖች ከዚያ አጫውታችሁ አረጋግጡ፣ ዲስኩን ንቀሉና ሌላ ቦታ አስቀምጡ። ሁልጊዜ ተሰክቶ የሚቀመጥ ዲስክ ቫይረስም የኤሌክትሪክ አደጋም ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ ያገኘዋል። ፍላሽን ለማጓጓዣ እንጂ ብቸኛ ማከማቻ አታድርጉት።

ክላውድ (በኢንተርኔት የሚገኝ ማከማቻ) ላይ ለማስቀመጥ ካሰባችሁ ነፃው ቦታ ውስን መሆኑን እወቁ፤ ዋንድራይቭ 5፣ ጉግል ድራይቭ 15 ጊጋባይት ነው የሚሰጡት፣ የጉግሉን ከኢሜይላችሁና ከፎቶዎቻችሁ ጋር ትካፈሉታላችሁ። የሙዚቃ ፎልደራችሁ ሳታውቁት ዋንድራይቭ ውስጥ ገብቶ ከሆነ ደግሞ በጊጋባይት የሚቆጠር ፋይል ከጀርባ ሲጫን ዳታችሁ ያልቃል። የፎልደሩን አድራሻ አንብቡና አረጋግጡ።

በብዛት የሚያጋጥሙ ስህተቶችና ችግሮች

«ወርሃዊ ክፍያ አቁሜ ያወረድኳቸው ዘፈኖች ጠፉ።» አፕ ውስጥ ያስቀመጣችሁት ነው የጠፋው፤ ፋይል አልነበረም። ክፍያ ከማቋረጣችሁ በፊት የፕሌይሊስታችሁን ስሞች ጽፋችሁ ያዙ፣ ከእነሱ ውስጥ ሦስተኛውን ረድፍ ግዙ።

«ያወረድኩት ድምፁ ከስትሪሙ ያንሳል።» በአብዛኛው የጥራት ልዩነት አይደለም። የስትሪሚንግ አገልግሎቶች የዘፈኖቹን ከፍታ ያመጣጥናሉ፤ ያወረዳችሁት ፋይል ግን ሲቀረጽ በነበረበት ከፍታ ነው የሚጫወተው። ጆሮ ደግሞ ከፍ ያለውን የተሻለ አድርጎ ይሰማል። ፉባር 2000 ወይም ሚዩዚክቢ ላይ ሪፕሌይጌይን የሚባለውን አስኪዱ፤ ድምፁን ሳይነካ ከፍታውን ያስተካክላል። ከዚያ በኋላ አወዳድሩ።

«ስትሪሙ ይቆራረጣል፣ ፍጥነቴ ግን ጥሩ ነው።» መጀመሪያ ሌላ ነገር እየወረደ እንዳልሆነ እዩ። ቀጥሎ ወደ ራውተሩ ቀርባችሁ ወይም በኬብል አገናኝታችሁ ሞክሩ። በኬብል ደህና ከሆነ ችግሩ ዋይፋዩ ነው። ይህም ካልሠራ ጥራቱን አንድ ደረጃ አውርዱት።

«ዲስኬ ሞላ፣ ምንም ሳላወርድ።» የስትሪሚንግ አፕ ጊዜያዊ ማከማቻ በጊጋባይት ሊያድግ ይችላል። በአፑ «ሰቲንግስ» ውስጥ «ስቶሬጅ» የሚለው ቦታ ማጽጃ ቁልፍ አለ። ከመጫናችሁ በፊት የሚሰርዘው ጊዜያዊውን ብቻ ይሁን ያስቀመጣችሁትንም፣ ከቁልፉ አጠገብ የተጻፈውን አንብቡ።

«ፎልደሩን ወደ ሌላ ዲስክ አዛውሬ ማጫወቻው ዘፈኖቹን አላገኝ አለ።» ዘፈኖቹ አልጠፉም፤ ማጫወቻው የሚፈልጋቸው በድሮው አድራሻ ነው። በማጫወቻው ሰቲንግ የቀድሞውን ፎልደር አውጥታችሁ አዲሱን አስገቡና እንደገና እንዲቃኝ አድርጉ። በእጅ የሠራችኋቸው ፕሌይሊስቶች ግን የድሮውን አድራሻ ይዘው ሊቀሩ ስለሚችሉ ፎልደሩን ከማዛወራችሁ በፊት ዋናውን ቦታ አስባችሁ ምረጡ።